ጎሜ፣ ንስሐ እና የአባ ባሕርይ ጥያቄ

ከአርባ ምንጭ ወደ ቦንኬ ደጋ የሚወጣ መኪና ሙዙንና ሙቀቱን፣ አባያንና ጫሞን ከኋላው ጥሎ ወደ እንሰት፣ ገብስና ብርድ ይገባል። ገረሴ የምትገኘው እዚያ ነው። ለረጅም ዓመታት የቦንኬ ወረዳ መቀመጫ ነበረች፤ ዛሬ ዙሪያዋ በራሱ ስም ወረዳ ሆኗል። ወደ 4200 ሜትር የሚጠጋው የጉጌ ተራራም የዚሁ ደጋ ራስ ነው።

በዚህ ደጋ እሁድ ጠዋት ሁለት ድምፅ ይሰማል። ገና ሳይነጋ ቅዳሴ ይጀመራል፤ ረፈድ ሲል ደግሞ የወንጌላውያን አጥቢያዎች መዝሙር በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። በትምህርተ ሃይማኖት የማይስማሙት እነዚህ ሁለት ወገኖች አንድ ነገር ላይ ግን ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ምእመኑን «ራስህን መርምር፣ ተመለስ፣ ታደስ» ይሉታል። ቃሉ በየሳምንቱ ስለሚነገር ሰው ለምዶታል። የለመዱት ቃል ደግሞ ጆሮ ላይ ይቀራል።

ጥያቄው መርማሪው ምን ይመረምራል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የጋሞ ደጋ የቆየ መልስ አለው። እንዲያውም ከአንድ በላይ ነው፤ መልሶቹም እርስ በርሳቸው የሚጣሉበት ጊዜ አለ።

■ ከጋሞ የወጣው መነኩሴ

እ.ኤ.አ. በ1593 አባ ባሕርይ የተባሉ ካህን አንዲት ትንሽ የግዕዝ መጽሐፍ ጻፉ። ሰውየው የጋሞ ሰው ነበሩ። ዘመኑ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው፤ ከግራኝ አህመድ ጦርነት ገና ያላገገመችው ክርስቲያናዊት መንግሥት በኦሮሞ መስፋፋት ግዛቷን በየዓመቱ የምታጣበት ዘመን። የአባ ባሕርይ ሀገር ጋሞም ከተዘረፉት አንዷ ነበረች፤ ይህንን ራሳቸው ጽፈዋል።

መጽሐፏ ዛሬ የምትታወቀው በክፉ ነው። ርዕሷ ላይ ያለው ስም በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር፤ አሁን ግን ስድብ ነው። ስለዚህ አንዱ ወገን ኦሮሞን ለመወንጀል ይጠቅሳታል፤ ሌላው ደግሞ የጥላቻ ሰነድ ናት ብሎ ሳያነብ ይጥላታል። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስሟን እየጠሩ ከሚሰዳደቡት መካከል ስንቱ እስከ መጨረሻው አንብቧት ይሆን?

ምክንያቱም ወደ መጨረሻዋ ግድም፣ በ19ኛው ምዕራፍ፣ ደራሲው ፊታቸውን ከጠላት ወደ ራሳቸው ወገን ያዞራሉ። የዘመኑ ሊቃውንት «እኛ ብዙዎች ነን፣ መሣሪያም አለን፤ ታዲያ እንዴት እንሸነፋለን?» እያሉ ይከራከሩ እንደነበር ይነግሩናል። ገሚሱ ነገሩን በኃጢአታችን የመጣ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ይል ነበር። ሌላው ደግሞ ምክንያቱን በሕዝቡ አኗኗር ውስጥ ፈለገው።

አንድ የ16ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ «በኃጢአታችን ነው» ብሎ መጽሐፉን ቢዘጋ ማንም አይገርመውም ነበር። ሃይማኖተኛ ያሰኘዋል፣ ማንንም አያስቀይምም፣ ማንንም ከወንበሩ አያስነሳም። አባ ባሕርይ ግን ያንን ጠቅሰው አለፉና የሁለተኛውን መልስ ዝርዝር ቁጭ ብለው ጻፉት። ሕዝባችን በዐሥር ክፍል ተከፍሏል፤ ዘጠኙ ሀገር ሲጠፋ ከዳር ቆሞ ያያል፤ ጋሻና ጦር የሚይዘው ዐሥረኛው ብቻ ነው የሚል ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ደብተራው አለ፣ ዳኛው አለ፣ የእመቤቶች አጃቢው አለ፣ ባለርስቱ ሽማግሌ፣ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ አንጥረኛውና ጸሐፊው፣ ከበሮና በገና ይዞ እያሞገሰ የሚለምነው ዘፋኝም አለ።

የመጀመሪያው ክፍል ማን ነው? መነኮሳት። ቁጥራቸው የማይታወቅ፣ ገና በልጅነታቸው የመነኮሱ ሳይቀሩ። ጸሐፊው ራሱ መነኩሴ ሆኖ ጣቱን መጀመሪያ የቀሰረው ወደ ራሱ ቆብ ነው።

በእርግጥ አባ ባሕርይ የሚናገሩት ስለ ጦርነት ነው፤ መነኩሴ ሁሉ ጦር ይያዝ ማለት መፍትሔ ነው ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል። አመራመራቸው ግን ጦርነቱ ካለፈ በኋላም የሚቆይ ነው። «በድለናል» ማለትና «እኔ ያለሁበት ወገን ይህንን አላደረገም» ማለት ሁለት የተለያዩ ኑዛዜዎች ናቸው። የመጀመሪያው ምንም አያስከፍልም።

■ ደጋው ብቻውን ሲቀር

ከአባ ባሕርይ በኋላ የጋሞ ደጋ ከሰሜኑ ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበረው ግንኙነት ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ተቆረጠ። ጳጳስ አይመጣም፣ አዲስ መጽሐፍ አይወርድም። እንደ ብርብር ማርያም ያሉ ጥቂት አጥቢያዎች የብራና መጻሕፍታቸውን ይዘው ቆዩ። በሌላው ቦታ ክርስትናው በአካባቢው እምነት ውስጥ ሟሟ። የቀረ ነገር ግን ነበረ፤ ዛሬ ጋሞ ዘመን የሚለውጥበት በዓል «ዮ መስቀላ» ነው። ለብዙ ትውልድ ያልተጠመቀ ሰው ሁሉ የመስቀልን ችቦ ሲያበራ ኖሯል።

በዚያ ረጅም ብቸኝነት ውስጥ የደጋው ሰው ራሱን የሚመረምርበት መሣሪያ ጎሜ ነበር። ጎሜ በግርድፉ ነውርም ኃጢአትም መርገምም ነው፤ አንድ የአማርኛ ቃል አይበቃውም። ሰው ታሞ አልድን ሲል፣ ከብት ሲያልቅ፣ ትዳር ልጅ ሲያጣ፣ ዝናብ ሲዘገይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አጥፍተናል?» ነው። ስርቆት ጎሜ ነው። ነፍስ ማጥፋት፣ በታላቅ ላይ መቅደም፣ የተከለከለ ደን መቁረጥ፣ በሸንጎ መዋሸት ጎሜ ነው። አዋቂ ዘንድ ተሂዶ ጥፋቱ ይፈለጋል፤ ከተገኘ በኋላ ደግሞ በልብ ይዞ ማልቀስ በቂ አይደለም። ጥፋቱ በአፍ ይነገራል፣ የተበደለው ሰው ይካሳል፣ እርቅ ይወርዳል። መነጋገሪያው ዱቡሻ ነው፤ የአገር ሽማግሌዎችና ሃላቃዎች የሚቀመጡበት፣ ሰው ሁሉ የሚሰማበት ሜዳ።

ይህንን ሥርዓት ብዙ የውጭ አጥኚዎች መጥተው አይተውታል። ማርክ አቤሌስ በኦቾሎ፣ ዳን ስፐርበር በዶርዜ፣ ዲና ፍሪማን በዶኮ ተቀምጠው ጽፈዋል። ሁሉንም የሳባቸው አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ሰው ንጉሥነት ሳይሆን በስብሰባ የሚተዳደር ማኅበረሰብ። ካዎ አለ፤ ሥልጣኑ ግን በአብዛኛው የመሥዋዕት ነው።

ጎሜን ማሞገስ ግን ቀላል ነው፤ አሁን አሁን ፋሽንም ሆኗል። እውነቱን ሙሉ ማየት ያስፈልጋል። ይኸው የነውር ሕግ ሸክላ ሠሪውን ማና፣ ቆዳ ፋቂውንና ብረት ቀጥቃጩን ደጋላ ብሎ ከማላው ማዕድ የለየ ሕግ ነው። አብሮ መብላት ጎሜ፣ መጋባት ጎሜ፣ ዱቡሻ ላይ እኩል መቀመጥ ጎሜ። ሴቷ ማሰሮውን ትሠራለች፤ ማሰሮው ቤት ይገባል፣ እሷ ደጅ ትቀራለች። ራሱን በትጋት የሚመረምር ማኅበረሰብ ይህንን በደል ለዘመናት በደል ነው ብሎ አላሰበውም ነበር። መመርመሪያው ራሱ በደሉን ይጠብቀው ነበርና።

■ ኢሳ እና ማሩ

በ1910ዎቹ መጀመሪያ፣ ሚሲዮናውያን ገና ወደዚያ አካባቢ ሳይመጡ፣ ከጋሞ አንድ ሰው ተነሳ። ስሙ ኢሳ ላሌ ይባላል። ኢሳ በጋሞ፣ በጎፋና በወላይታ እየዞረ መናፍስትን ማምለክ ተዉ፣ ጣዖቱን ጣሉ፣ በሰማይ ያለውን ጦሳን ብቻ ለምኑ ይል ነበር። አትስረቁ፣ አትዋሹ፣ የሰው ሚስት አትመኙ፣ እሁድን አክብሩ። ተከታዮቹ እሁድ ተሰብስበው ጣታቸውን ማር ውስጥ እየነከሩ ወደ ሰማይ ይረጩ ነበር፤ ማረን እያሉ።

ሕዝቡ ጎረፈ። ገዥዎቹም ተጠራጠሩ፤ ከተወረረ ገና ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ባለፉት ሀገር ሰው በብዛት መሰብሰቡ ጥሩ ምልክት አልነበረም። ኢሳ ታሰረ፤ እንቅስቃሴውም ከሰመ። ሰው ግን ሰውየውን አልረሳም። ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ውስጥ ሚሽን ሰዎች ሶዶ አጠገብ ተቀምጠው ማስተማር ሲጀምሩ፣ አድማጩ «ይህማ ኢሳ የነገረን ነው» የሚልበት ጊዜ እንደነበር የቤተ ክርስቲያኗ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙዎች ያውቁታል። በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሚሲዮናውያኑ በ1929 ዓ.ም. ወላይታን ለቀው ሲወጡ ትተው የሄዱት የተጠመቀ ሰው ሃምሳ እንኳ አይሞላም ነበር። ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ ዐሥር ሺህ የሚገመት አማኝ ጠበቃቸው። ሬይመንድ ዴቪስ የተባለው ሚሲዮናዊ በኋላ ይህንን ታሪክ መጽሐፍ አድርጎታል። በመካከሉ ግን እስራትና ግርፋት ነበረ፤ ዋንዳሮ ዳባሮን የመሰሉ ሰዎች በእምነታቸው ተሰቃይተዋል። ወንጌሉን ወደ ጋሞ ደጋ ይዘው የወጡትም በአብዛኛው እነዚሁ የወላይታ ወንጌላውያን ናቸው፤ በእግራቸው፣ ቋንቋው ከቋንቋቸው ብዙም በማይርቅ ሕዝብ መካከል።

የሁለቱ እንቅስቃሴዎች ልዩነት ማሰብ ያሻዋል። ኢሳ የጎሜን ጥያቄ አልጣለም፤ የሚጠየቅበትን አድራሻ ነው የቀየረው። ጥፋቱ አሁንም በስሙ ይጠራል። ወንጌላውያኑ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ጨመሩ፤ ማናውና ደጋላው ከማላው ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር መቀመጥ፣ ከአንድ ጽዋ መጠጣት ጀመሩ። ጎሜ ለዘመናት ሊያየው ያልቻለውን በደል አዲሱ እምነት አየው። ይህ እድሳት የሚለው ቃል የሚገባው ነው። ሙሉ አልነበረም፤ አብሮ የሚዘምረው ልጁን ለመዳር ሲጠየቅ ወደ ኋላ ያለበት ቤት ብዙ ነው። ቢሆንም በሩ ተከፍቷል።

የጠፋም አለ። ጎሜ ሲነቀል አብረውት የተነቀሉ ዛፎች አሉ፤ ቃል በቃል። መናፍስት ይኖሩበታል ተብለው ለትውልዶች ምሳር ያልነካቸው የጋሞ ቅዱሳን ደኖች፣ ፍርሃቱ ሲለቅ በየቦታው ተመነጠሩ። የደርግ ዘመን አስተምህሮም የበኩሉን ገፋ፤ አንድ ጊዜ «አጉል እምነት ይውደም» እያለ ሥርዓቱን አፈረሰ፣ ዞር ብሎ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናቱን ዘጋ። ከደኑ ጋር የጠፋ ሌላም ነገር አለ፤ በደልን በሰው ፊት የመናገር ልማድ። ኑዛዜ ከዱቡሻ ወደ ልብ ውስጥ ገባ። በእግዚአብሔርና በእኔ መካከል ነው ተባለ።

ይህ የወንጌላውያን ብቻ ችግር አይደለም። በኦርቶዶክስ ትምህርት የንስሐ አባት ቀኖና ሲሰጥ ጾምና ስግደት ብቻ አያዝም፤ የቀማ ይመልሳል፣ የተጣላ ይታረቃል። ዘኬዎስ የበላውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ቁጥሩን ጠርቶ ነው። በተግባር ግን ንስሐ አባቱን በዓመት አንዴ፣ ለዚያውም በጠበል ጸዲቅ ላይ የሚያገኝ ሰው ስንት ነው? መሬት በሐሰት ሰነድ ያዞረ ባለሥልጣን ጾሙን ሁሉ ይጾማል፤ የሚጠይቀው የለም። ወንጌላዊውም ነጋዴ እጁን ዘርግቶ እያለቀሰ ይዘምራል፤ ሚዛኑን ሰኞ ጠዋት እንደነበረው ያገኘዋል።

■ ሀገር ሲጸልይ

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ የአንድ ወር ጸሎት አወጀ። አባቶች በየተራ በቴሌቪዥን ቀርበው ጸለዩ፤ ሕዝቡም በየቤቱ አብሮ አለቀሰ። ልመናው ከልብ እንደነበር መጠራጠር አይገባም። በድለናል፣ ማረን ተባለ። ወሩ ካለቀ በኋላ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም.፣ በሰሜን ጦርነቱ ጀመረ። በሁለቱም ወገን የተሰለፈው አብዛኛው ሰው ክርስቲያን ነበር፤ አንድ ጾም የሚጾም፣ በአንድ ማርያም የሚምል።

ጸሎቱ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ግን በዚያ ወር ውስጥ ማን ማንን በድሎ እንደነበር በስሙ ተነግሮ ነበር? የትኛው ሰባኪ የራሱ መድረክ የዘራውን ጥላቻ ቆጥሮ አቀረበ? የአባ ባሕርይ ዘመን ሊቃውንት ያነሱት የመጀመሪያው መልስ ከ400 ዓመት በኋላም በቦታው አለ፤ በኃጢአታችን ነው፣ አለቀ። ሁለተኛው ዝርዝር አልተጻፈም። ቢጻፍ የመጀመሪያው ክፍል ማን ይሆን ነበር የሚለውን ለአንባቢ መተው ይሻላል።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አርባ ምንጭ ላይ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ ከጋሞ የመጡ ብዙ ሰዎች ተገደሉ፤ ሺዎች ተፈናቀሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ገንፍሎ ወጣ። ቡራዩን አይተው በማያውቁ፣ ግን በብሔር ይገናኛሉ በተባሉ ሰዎች ንብረት ላይ ሊበቀል ነበር። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። እርጥብ ሣር የያዘ ሽማግሌን ረግጦ ማለፍ ጎሜ ነው። ወጣቶቹ ቆሙ። ከዚያም ተመለሱ።

ሀገር ሁሉ ቪዲዮውን አየ፤ ሽልማትም ምስጋናም ጎረፈ። ከሙገሳው ጫጫታ በስተጀርባ ግን አንድ ነገር ሳይስተዋል አለፈ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ከነበሩት ወጣቶች ስንቱ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ነበር? በአርባ ምንጭ ልክ ከታሰበ፣ ብዙው። ጠላትህን ውደድ የሚለውን ትምህርት ከልጅነቱ የሰማ ነው። እግሩን ያቆመው ግን በመንገድ ላይ የተዘረጋው ሣር ነበር።

ይህንን ለክርስትና እንደ ሽንፈት የሚያነብ አለ፤ «ያገር ልማዱ ከወንጌሉ በለጠ» የሚል። ይህ ችኩል ፍርድ ነው። ሽማግሌዎቹ ያደረጉትን ነገር ወንጌሉ ከጥንትም ያዛል፤ መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ማለቱ ሌላ ምን ነው? ልዩነቱ ያንን ትእዛዝ በሰው ፊት የሚታይ፣ እግር የሚያቆም ነገር አድርጎ የመያዝ ነው። ደጋው ሣሩን አልጣለውም ነበር። የከተማው ስብከት ግን ቃሉን ይዞ ሣሩን ጥሎታል።

የዛሬ 430 ዓመት ገደማ ሀገሩ ጋሞ የተዘረፈበት መነኩሴ «ዘራፊው ማን ነው?» የሚለውን ጽፎ ሲጨርስ «እኛስ?» ብሎ ጠየቀ። መስከረም 2011 ላይ የወገኖቻቸው ደም ያልደረቀላቸው የጋሞ ሽማግሌዎችም መጀመሪያ የተንበረከኩት በራሳቸው ልጆች ፊት ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች የሚያገናኝ ሰነድ የለም፤ አባ ባሕርይን ያነበበ ሽማግሌም ምናልባት አልነበረም። መሬቱ ግን አንድ ነው።

በገጠር ወንጌላውያን አጥቢያዎች ዛሬም ያልቀረ አንድ ልማድ አለ። የጌታ እራት ከመቁረሱ በፊት ባለው እሁድ ሽማግሌዎቹ ቀኑን ያስታውቃሉ። በመካከሉ ያለው ሳምንት የሥራ ሳምንት ነው። የድንበር ክርክር ያለበት፣ የእርሻ በሬ ተበድሮ ያልመለሰ፣ ከወንድሙ ሚስት ጋር የማይነጋገር ሰው ሽማግሌ ይዞ በር ያንኳኳል። ሁሉም አይሳካለትም። ያልታረቀ ሰው እሁዱ ሲደርስ ይመጣል፤ ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥና ጽዋው በፊቱ ሲያልፍ እጁን አይዘረጋም። አጠገቡ ያለው ሰው ያያል። ድንበሩን የሚጋራው ጎረቤቱም፣ ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ዞር ብሎ ያየዋል።